ግድቡ በክረምት ለምን ይከፈታል?
ስለ ደለል፣ ስለ ወንዞቻችንና ስለ ካምፕ ኩሬዎች



በምሥራቅ ሱዳን የሚኖሩ ወገኖቻችን ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ወንዙ ሞልቶ እየጋለበ ሳለ የግድቡ በሮች ወለል ብለው ይከፈቱና ውሃው ይለቀቃል። በጋ ሲሆን ደግሞ ውሃ አነሰ ተብሎ እርሻው በተራ ይጠጣል። ታዲያ በክረምት ያልተያዘ ውሃ መቼ ሊያዝ ነው? ይላሉ። በአዲስ ሐልፋ እርሻዎች የቀን ሥራ የሠራ ሰው ይህን ሳይጠይቅ የቀረ አይመስለንም። በዚህ እትም ለዚሁ ጥያቄ የምንችለውን ያህል መልስ እንሰጣለን። በኬንያ፣ በጂቡቲና በደቡብ ሱዳን ያላችሁ አንባቢያንም የጽሑፉን የመጨረሻ ክፍሎች አትዝለሏቸው፤ በካምፕ አካባቢ ስለሚቆፈሩ ኩሬዎችና ስለ ድፍርስ ውሃ የሚናገሩ ናቸውና። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወሮቹ ግን የእኛው ናቸው።

ግድብ በምን ይሞላል?

ግድብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ውሃው ነው። የወንዝ ዳር ገበሬ ግን በሐምሌ የሚወርደው ነገር ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ቀለሙ ቡና መስሎ፣ አንዳንድ ቀንም እንደ አጥሚት ወፍሮ ይወርዳል። ወንዝ አፈር የሚሸከመው በፍጥነቱ ነው። ሲፈጥን ድንጋዩን ያንከባልላል፣ አሸዋውን ይጎትታል፣ ጭቃውን ከራሱ ጋር ደባልቆ ይዞ ይሄዳል። ግድብ ሲያጋጥመው ይዘገያል፤ ሲዘገይም ሸክሙን ያራግፋል።

አወራረዱ ግን በተራ ነው። መጀመሪያ የሚሰፍረው ከባዱ ነው። ጠጠሩና አሸዋው ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ ይከመርና ከጊዜ በኋላ ሣርና ቁጥቋጦ የሚያበቅል መሬት ይሆናል። ደቃቁ አፈር ደግሞ እስከ ግንቡ ድረስ ይጓዝና ቀስ እያለ ከሥር ይተኛል። ይህ ሁሉ ዝቃጭ ደለል ይባላል።

መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ግድብ ሲነድፉ የሐይቁን የታችኛውን ክፍል ለደለል ይተዉለታል። ውሃ መውጫውም ከዚያ በላይ ይሠራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ደለሉ በተተወለት ስፍራ ብቻ አይተኛም። ቀደም ብለን እንዳልነው አሸዋው የሚከመረው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከሐይቁ አፍ ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለመስኖና ለመብራት የታሰበውን የውሃ ስፍራ መሻማት ይጀምራል። ግንቡ አንድም ሳይሰነጠቅ፣ በሮቹም ሳይዝጉ፣ ሐይቁ ብቻውን ሊያረጅ ይችላል።

የኸሽም አል ጊርባ ግድብ

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየን በብዙዎቻችሁ ጎረቤት ያለው የኸሽም አል ጊርባ ግድብ ነው። ውሃው የእኛው ተከዜ ነው። ተከዜ ከላስታ አካባቢ ተነስቶ፣ የሰሜን ተራሮችን ዞሮ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጋ ሰቲት ይባላል። ከጎንደር በስተምዕራብ ከሚወርዱት ከጓንግና ከአንገረብ ውሃ ጋር ሲገናኝም አትባራ የሚለውን ስም ይይዛል። ይህ ወንዝ በበጋ እዚህም እዚያም ኩሬ ትቶ ይደርቃል ለማለት ይቻላል። በክረምት ግን አገር ይዞ ይወርዳል።

ግድቡ የተሠራበት ምክንያት መታወቅ አለበት። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ለመሥራት ስትነሳ የሚፈጠረው ሐይቅ በሱዳን ያለውን የዋዲ ሐልፋን ከተማና በዙሪያው የነበሩትን የኑቢያ መንደሮች የሚያሰምጥ ሆነ። በ1959 ሁለቱ መንግሥታት በዓባይ ውሃ ላይ ተስማሙ። 50 ሺህ ያህል የሚሆኑ የሱዳን ኑቢያውያንም ከ1964 ጀምሮ ከነቤተሰባቸው በባቡር እየተጫኑ ወደ ቡታና ሜዳ ተወሰዱ። አዲስ ሐልፋ የምትባለው ከተማ የተቆረቆረችው ለእነሱ ነው። ከወንዛቸውና ከተምር ዛፎቻቸው ተነቅሎ መሄድ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ለአዲሶቹ ሰፋሪዎችና በአካባቢው ይኖሩ ለነበሩ ዘላኖች መተዳደሪያ እንዲሆን ከ300 ሺህ ፌዳን በላይ የመስኖ እርሻ ተዘጋጀ። አንድ ፌዳን ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል። ጥጥ፣ ስንዴና ኦቾሎኒ ይዘራበታል። ይህን እርሻ የሚያጠጣው ግድብ በ1964 ሲጠናቀቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ሆኖ ነበር።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን ሐይቁ እየጠበበ መሆኑ ታወቀ። ተከዜና ወንድሞቹ ከደጋው የሚያመጡት አፈር ከተገመተው በላይ ሆነ። የግድቡ ኃላፊዎች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሐይቁን በክረምት ማጠብ ጀመሩ። እንዲያም ሆኖ የሐይቁ የመያዝ አቅም እያደር ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ውሃው ለመላው እርሻ አልበቃ አለ። ገበሬው የሚዘራውን ለመቀነስ ተገደደ። አገሩ በግድብ የሰመጠበት ሕዝብ፣ ለካሣ የተሰጠው ግድብ ደግሞ በደለል ተሞላበት ማለት ነው። ደለሉ የሰሜንና የምዕራብ ኢትዮጵያ የእርሻ አፈር ነው። እዚያ ማሳው ሲራቆት እዚህ ቦዩ ይደርቃል።

እጥበቱ እንዴት ይካሄዳል?

አሁን ወደተነሳው ጥያቄ ደረስን። ጎርፉ በሚያይልበት ወቅት የግድቡ የታችኛ በሮች ይከፈታሉ። ሐይቁ እየወረደ፣ እየወረደ ይሄድና ለጥቂት ቀናት ሐይቅ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጥንቱ ወንዝ ይሆናል። ውሃው ፍጥነቱን መልሶ ስለሚያገኝ ለስላሳውን ጭቃ እየቦረቦረ በበሮቹ ይዞት ይወጣል። ከዚያ በኋላ በሮቹ ይዘጉና ሐይቁ በተረፈው የክረምት ውሃ እንዲሞላ ይደረጋል።

ይህ ሥራ በጎርፍ ወቅት የሚካሄድበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ደለል ለመጥረግ ጉልበት ያለው ውሃ ያስፈልጋል፤ የበጋ ውሃ ይህን ጉልበት ከየት ያመጣል? ሁለተኛ፣ ሐይቁ ከታጠበ በኋላ እንደገና የሚሞላበት ዝናብ ከኋላ መኖር አለበት። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ሲለቀቅ የምታዩት ውሃ እየባከነ ሳይሆን ለበጋው ውሃ ስፍራ እየተጠረገ ነው።

እጥበቱ ግን ሁሉን አያጥብም። ውሃው የሚጠርገው በመሐል የሚሄድበትን መስመር ነው። ከግራና ከቀኝ የተኛው ደለል አብዛኛው ባለበት ይቀራል፤ ፀሐይ ካገኘውም ይጠነክራል። ስለዚህ የሚታጠብ ሐይቅ የሚተርፍለት እንደ ቦይ ያለ ጠባብ ስፍራ ነው። ከዚህም ሌላ ዋጋ አለው። ዝናቡ ቀድሞ ከቆመ ግድቡ ሳይሞላ ይቀራል፤ ይህ የግድቡ ኃላፊዎች በየዓመቱ የሚገቡበት ጭንቀት ነው። ኃይል ማመንጫው ለጊዜው ይቆማል። በጭቃው ብዛት ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ከግድቡ በታች ያሉ ከተሞች የመጠጥ ውሃቸውን ማጣራት ይቸግራቸዋል። በእኛ አስተያየት እጥበቱ አስፈላጊ ነው። ሆኖም በታችኛው ወንዝ ዳር የሚኖረው ሕዝብ፣ ስደተኛውም ጭምር፣ ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በካምፕ ያላችሁ የውሃ ኮሚቴ አባላት ይህን ከአካባቢው ባለሥልጣን ጠይቃችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ።

ቀይ ውሃና ጥሩ ውሃ

በጥቁር ዓባይ ላይ ያሉት የሱዳን ግድቦች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። እሱም ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ሳይተኛ፣ ከጅምሩ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ይህን ዘዴ ለመረዳት የእኛን የእርሻ አቆጣጠር ማወቅ ይበቃል።

ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን አራት አምስት ጊዜ ያርሳል። በሰኔና በሐምሌ መሬቱ ለስልሶ፣ ጎልጉሎ፣ አንድ ቅጠል ሳይኖርበት ዝናብ ይመጣበታል። የመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦች የሚያገኙት ራቁቱን መሬት ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ግን ቡቃያው ተነስቷል፣ ሣሩም ተራራውን አልብሶታል። ስለዚህ ወንዙ አፈር በብዛት የሚሸከመው ገና ከሙላቱ ጫፍ ሳይደርስ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ብዙ ሆኖ ሳለ ደለሉ ያነሰ ነው።

በ1925 የተሠራው የሰናር ግድብና በ1966 የተሠራው የሮሰይረስ ግድብ የሚሠሩት በዚህ ስሌት ነው። በጎርፉ ወቅት ሐይቆቹ ዝቅ ብለው እንዲቆዩ ይደረግና ቀዩ ውሃ ያልፋል። ጎርፉ መጉደል ሲጀምር፣ አዲስ ዓመት በምናከብርበት ሰሞን ገደማ፣ በሮቹ ተዘግተው ጥሩው ውሃ ይያዛል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የገዚራን እርሻ የሚያህል፣ ብዙ ሺህ ገበሬ የሚኖርበትን መስኖ በክረምቱ ጅራት ውሃ ላይ ጥሎ መጠበቅ ድፍረት ይጠይቃል።

የደለሉ ብዛት ምን ያህል ነው? ጥቁር ዓባይ ወደ ሱዳን ድንበር ሲደርስ በዓመት 140 ሚሊዮን ቶን ያህል አፈር ይዞ እንደሚመጣ ባለሙያዎች ይገምቱ ነበር። በኩንታል ሲቆጠር 1.4 ቢሊዮን ኩንታል ነው። 40 ቶን በሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና ይጫን ቢባል 3.5 ሚሊዮን ጉዞ ይሆናል፤ ዓመቱን በሙሉ በየቀኑ ከ9,500 በላይ መኪና ማለት ነው። አብዛኛው ደግሞ የሚያልፈው በሁለት ወር ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ጭነት የሚያሳልፍ ግድብ ሁሉንም ማሳለፍ አይሆንለትም። ሮሰይረስ በተሠራ በ30 ዓመት ውስጥ ሲሶ ያህል አቅሙን በደለል አጥቷል።

በካርቱም የኖሩ ሰዎች ደግሞ በ1980ዎቹ በክረምት መብራት ይጠፋ እንደነበር ያስታውሳሉ። ወንዙ ሞልቶ መብራት መጥፋቱ የሚያስገርም ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሐይቁ ዝቅ ሲል ውሃው ተርባይኑን የሚገፋበት ከፍታ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ግንድ፣ ሣርና ጭቃ የተርባይኑን አፍ ይዘጋል። በሮሰይረስ በተርባይኖቹ ፊት ለፊት ያለውን ደለል በማሽን እየዛቁ ማውጣት የተለመደ ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

ሌሎች መፍትሔዎች

እንግዲያው ሁሉንም ደለል በማሽን አይዛቅም ወይ? የሚል አይጠፋም። ይቻላል፤ ነገር ግን ሂሳቡ አያዋጣም። ከላይ የቆጠርናቸውን መኪናዎች አስቡ። የወጣው ጭቃስ የት ይደፋል? ስለዚህ ዝቆ ማውጣት የሚጠቅመው ለትንሽ ግድብ፣ ወይም እንደ ሮሰይረስ በአንድ አስፈላጊ ስፍራ ላይ ነው።

ሌላው ግንቡን ከፍ ማድረግ ነው። የሮሰይረስ ግንብ በ10 ሜትር ከፍ ተደርጎ ሥራው በ2012 ተጠናቋል። በዚህም ሐይቁ ከቀድሞው የበለጠ ውሃ ይይዛል። ደለሉ ግን ከሥር እንደተኛ ነው። በሐይቁ ዳር ይኖሩ የነበሩ በርካታ ሰዎችም ወደ ሌላ ስፍራ መዛወር ነበረባቸው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። ቻይናዎች በቢጫ ወንዝ ላይ የሠሩት የሳንመንሺያ ግድብ በ1960 ውሃ መያዝ ሲጀምር ደለል ማስወጫው የወንዙን ጭቃ የሚመጥን አልነበረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁ እየተሞላ፣ ደለሉም ወደ ላይ እየገፋ ሄዶ የላይኛው አገር በጎርፍ ሊጠቃ ሆነ። በመጨረሻ በግንቡ ጎን ዋሻ ቆፈሩ፤ ሲገነባ የደፈኗቸውንም የታች ቀዳዳዎች መልሰው ከፈቱ። የታችኛ በር ገና ሲሠራ ካልታሰበበት በኋላ የሚያስወጣው ገንዘብ ብዙ ነው።

ከላይ በኩል ሌላ ግድብ መሥራትም ለታችኛው ዕረፍት ይሰጣል። በተከዜ ላይ 188 ሜትር ቁመት ያለው የኢትዮጵያ ግድብ በ2009 ተጠናቋል። በሱዳንም ውስጥ ከኸሽም አል ጊርባ በላይ፣ በሰቲትና በላይኛው አትባራ ላይ የተሠሩት የቡርዳናና የሩሜላ ግድቦች በ2017 ተመርቀዋል። በጥቁር ዓባይ ላይ ደግሞ ጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2020 ውሃ መያዝ ጀምሮ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ቀድሞ ወደ ሮሰይረስ ይሄድ የነበረው ደለል አብዛኛው አሁን የሚቀረው እዚያ ነው። ከላይ በጠቀስነው ግምት ቢሰላ ይህን ሐይቅ ለመሙላት በርካታ መቶ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ይህ ማለት ግን ሐሳብ የለም ማለት አይደለም። አሸዋው የሚጀምረው ከሐይቁ አፍ መሆኑን አንርሳ።

ለሱዳን ገበሬ ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው። የገዚራ ቦዮች በየዓመቱ በደለል እየተሞሉ ለመጥረግ ብዙ ገንዘብ ይወጣ ነበርና ይህ ሊቀንስለት ይገባል። በወንዙ ዳር ጎርፍ ሲመለስ በተተወው ለም ጭቃ ላይ የሚዘራውና ከዚያው ጭቃ ጡብ የሚሠራው ሰው ግን የለመደውን ያጣል። ሁለቱንም መናገር አለብን።

በአገር ቤት

ደለል የሱዳን ችግር ብቻ አይደለም። በአዋሽ ላይ በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ በ40 ዓመት ገደማ ውስጥ ሲሶ ያህል ስፍራውን ለደለል አስረክቧል። የቆቃ ኃይል ማመንጫ ከዚያ በታች ላሉት የአዋሽ ማመንጫዎችና ለመተሐራና ለታችኛው የአዋሽ እርሻዎች ሁሉ ውሃ የሚመድብ በመሆኑ፣ ቆቃ ሲጠብ የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው።

ደለልን ከምንጩ የሚይዘው እርከን ነው። ከእናንተ መካከል በወሎ፣ በትግራይ ወይም በሐረርጌ ተራሮች ለእህል ድንጋይ ተሸክማችሁ እርከን የሠራችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ እናውቃለን። አንዳንዱ ሥራ በትእዛዝ ስለነበረ ሰው አልወደደውም፤ አንዳንዱም የተሠራው ለኮታ ነው። ኮንሶዎች ግን ማንም ሳያዛቸው ለብዙ ትውልድ እርከናቸውን ሲጠግኑ ኖረዋል። በ2011 የኮንሶ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለዚሁ ነው። እርከን፣ በቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ክትር፣ ከብት የማይገባበት ከለላ ተራራ፣ እነዚህ ሦስቱ ሲተባበሩ አፈሩን ባለበት ያስቀሩታል።

እርከን በተሠራ ማግስት ግን ግድብ ደለል ማግኘቱን አያቆምም። በየወንዙ ሆድና በየቦረቦሩ ቀደም ሲል የተከማቸ አፈር አለ፤ እሱ እስኪያልቅ ድረስ ወንዙ ይዞት መውረዱን ይቀጥላል። ከእርከን ቀድሞ የሚጠቀመው ታችኛው አገር ሳይሆን የማሳው ባለቤት ነው። ከማሳ ቀድሞ የሚሄደው የላይኛው አፈር ነው፤ ፍግና አመድ የተበተነበት፣ ልጅን የሚያሳድገው አፈር። እርከን ለገበሬው በዚህ ቋንቋ ቢነገረው ኖሮ ኮታ ባላስፈለገ ነበር።

የካምፑ ኩሬ

በትልቅ ግድብ የሚሆነው ሁሉ በትንሽ ኩሬ ይደገማል። ሱዳኖች ሐፊር፣ ሶማሌዎች ዋር፣ ቦረናዎች ሐሮ የሚሉት ጎርፍ የሚጠራቀምበት ኩሬ በደለል ይሞላል። ኩሬው ሲጠብ የሚመጣው ወረፋና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የሚነሳው ጠብ የታወቀ ነው። በኩሬው ላይ ግን ያለ መሐንዲስ ብዙ መሥራት ይቻላል።

በመጀመሪያ የሚመጣውን ጎርፍ መዝኑ። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ ወይም ማሰሮ ውሰዱና ጎርፉ ወደ ኩሬው በሚገባበት ስፍራ ሞልታችሁ አንድ ቀን ተኩል ሳትነኩት አስቀምጡት። ከሥር የተኛውን ጭቃ በማስመሪያ ለኩ። የውሃው ከፍታ 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጭቃው 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኩሬው አንድ ጊዜ በሞላ ቁጥር ከሠላሳ እጅ አንዱን ያጣል ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሞላ ከሆነ በ15 ዓመት ውስጥ ያልቅለታል። ይህ ግምት ነው። አዲስ ጭቃ እያደር ስለሚጠብ ሂሳቡ ትንሽ ይጋነናል፤ በሌላ በኩል በጎርፉ ሥር የሚንከባለለው አሸዋ ጠርሙሱ ውስጥ አይገባም። ቢሆንም ለኮሚቴ ስብሰባ ከወሬ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ፣ ጎርፉ ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት አረፍ የሚልበት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈር። ሰፋ ያለ፣ ጥልቀቱ ከወገብ የማያልፍ ይሁን። ውሃው እዚያ ገብቶ ሲዘገይ አሸዋውን ይጥላል፤ ሞልቶ ሲፈስ ወደ ዋናው ኩሬ የሚሻገረው ቀለል ብሎ ነው። ይህን ትንሽ ጉድጓድ በአካፋ መጥረግ ዋናውን ኩሬ ከመጥረግ በብዙ ይቀላል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ ካልተጠረገ ዋጋ የለውም። ብዙ ስፍራ ተቆፍሮ የተረሳው ይህ ነው።

ከጉድጓዱ ወደ ኩሬው የሚወስደው መግቢያ በድንጋይ ይነጠፍ፤ አለበለዚያ ውሃው ራሱ መግቢያውን እየቦረቦረ አፈሩን ይዞ ይገባል። ከመግቢያው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ሣር እንዲበቅል ከብት አይለፍበት፣ ማገዶም አይለቀምበት። የማገዶን ችግር እያወቅን ይህን መጻፋችን ቀላል ሆኖ አይደለም። አንድ ሃያ እርምጃ ስፋት ያለው የሣር መቀነት እንኳ ቢከበር ለውጡ ይታያል።

ከብት ኩሬው ውስጥ ገብቶ እንዲጠጣ አትፍቀዱ። ዳሩን ረግጦ የሚያፈርሰው አፈር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ኩሬው በዘሪባ ታጥሮ ውሃው ወደ ውጭ ገንዳ ቢወጣለት ውሃውም ንጹሕ ይሆናል። ኩሬው በበጋ ሲደርቅ ደግሞ የጥረጋ ጊዜ ነው። የወጣው ደለል በጎርፉ መምጫ በኩል እንዳይከመር ተጠንቀቁ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ከታች በኩል ይደፋ፣ ወይም ለጓሮ አትክልት ይወሰድ። ጎመንና ቃሪያ ለሚተክሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አፈር አይገኝም።

በወንዝና በግድብ አጠገብ ለምትኖሩ

ግድብ በሚከፈትበት ሰሞን ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ዝናብ ሳይዘንብ በድንገት ይሞላል። ሰማዩ ጠራ ብሎ መሻገር ሕይወት ያስከፍላል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችና ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች በዚህ ሰሞን ከወንዙ ይራቁ። ሐይቁ ሲወርድ ከላይ የሚታየው ጭቃም አታላይ ነው። ፊቱ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ውስጡ ግን እንደ ገንፎ ለስላሳ ይሆናል። ላምም ሰውም ይሰምጥበታል። ከብት ከገባ ለማውጣት ብቻችሁን አትግቡ።

በእጥበት ጊዜ ሞተው የሚንሳፈፉ ዓሣዎች ይገኛሉ። መቼ እንደሞቱ አይታወቅምና አትብሏቸው።

የውሃውን ድፍርስነት በተመለከተ፣ ክሎሪን በድፍርስ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሠራም። ጭቃው ጀርሙን ይደብቀዋል፤ መድኃኒቱንም ይጨርሰዋል። ስለዚህ ውሃውን አስቀድማችሁ በባልዲ አሳድሩት፤ ሲጠራ የላይኛውን ብቻ ሳታናውጡ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጡ፤ በንጹሕ ነጠላም አጥልሉት። በዓባይ ዳር የሚኖሩ የሱዳን ሴቶች የጎርፍ ውሃ የሚያጠሩበት የቆየ ዘዴም አላቸው። እኛ ሽፈራው የምንለውን ዛፍ እነሱ የሚያጠራ ዛፍ ይሉታል። የደረቀውን ፍሬ ልጠው፣ ወቅጠው፣ በትንሽ ውሃ በጥብጠው ወደ ድፍርሱ ውሃ ይጨምሩና ቀስ እያሉ ያማስሉታል። ጭቃው ተያይዞ ወደ ሥር ይወርዳል። ሽፈራው በብዙ ካምፖች ስለተተከለ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሆኖም ውሃው ቢጠራም ጀርሙ ሁሉ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ማፍላት፣ ወይም ከጤና ጣቢያው በሚሰጠው መመሪያ መሠረት ክሎሪን ጨምሮ ለግማሽ ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል።